አስተርጓሚ ዊኬንድ የላትም

ቃል ተገባብተን ነበር፣ ቅዳሜና እሁድ ትርጉም የለም ብለን። ሳምንቱን ሙሉ ኮምቦልቻ በበጎ ፈቃድ የምናገለግልበት ድርጅት ውስጥ የኔ ስራ ማስተርጎም ነው። ከአየርላንድ የመጣችው ቮለንቲር ልጆቹን እንግሊዝኛ ታስተምራለች፣ እኔ መሀል ቁጭ ብዬ የሷን ለነሱ የነሱን ለሷ ሳመላልስ እውልና ማታ ቤት ስገባ እናቴ እራት ብይ ስትለኝ በእንግሊዝኛ ልመልስላት ምንም አይቀረኝም። አርብ ለት ነገ ሐይቅ እንሄዳለን፣ ግን ምን አሉ ምን አሉ ብለሽ እንዳትጠይቂኝ አልኳት፣ እሺ አለች።

ጠዋት ታናሽ ወንድሜን አስከትለን በሚኒባስ ወጣን። ሐረጎ ዳገት ላይ ያ የሚታወቀው ጉም ጠበቀን፣ ሹፌሩ መብራት አብርቶ በየመጠምዘዣው ጥሩምባ ይነፋል፣ እኔ ሆዴ ተገለባብጦ አይኔን ጨፍኛለሁ፣ እሷ መስኮቱ ላይ ተለጥፋ ልክ እንደ ሀገሬ እያለች ትስቃለች። ጉም የሚናፍቀው ሰው ያየሁት ያኔ ነው። ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፣ ግን ሽቅብ ከ500 ሜትር በላይ ስለሚወጣ ደሴ ከሚኒባሱ ስትወርድ የጥቅምት ብርድ ጆሮዋን ሲቆነጥጣት የወንድሜን ጃኬት ወሰደችበት።

ፒያሳ ፉል እየበላን ደሴ ማለት ደሴት ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ፣ ሰሞኑን ደሴት የሚለውን ቃል ልጆቹ አስተምረዋት፣ የሷ ሀገር ደሴት ስለሆነ። አይ፣ አፄ ዮሐንስ እዚህ ሰፍረው ሳለ ጅራታም ኮከብ አይተው ደስ ብሏቸው ነው ደሴ ያሏት ይባላል አልኳት። ይኸው ገና በቁርስ ቃላችን ፈረሰ።

ሐይቅ ከተማ ደርሰን ባጃጅ ያዝን። የባጃጁ ልጅ ደግሞ ወሬ አያልቅበትም፣ እርጉዝ ሴት ተበድላ ስታለቅስ ፈጣሪ ተቆጥቶ መሬቱን ሁሉ ውሃ ሲያደርገው እሷ የተቀመጠችበት ብቻ ደሴት ሆኖ ቀረ እያለ ተረከልን፣ ተረጎምኩ፣ ምን ላድርግ። ያ ደሴት ነው እስጢፋኖስ ገዳም ያለበት፣ ዛሬ ግን ከየብስ ስለተያያዘ በእግር ይኬዳል። በር ላይ ስንደርስ ሴት አይገባም፣ ወንድሜ ብቻ ገባ። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩበት፣ አቡነ ተክለሃይማኖት የተማሩበት ቦታ ነው፣ አንዷ ባህር ተሻግራ አንዷ ሐረጎን ተሻግራ መጥተን ሁለታችንም ውጪ ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። ወንድሜ ሲመለስ እንዴት ነው ስንለው "ፀጥ ያለ ነው" አለን። ከዚህ ሁሉ መንገድ በኋላ ይቺን!

አሳ ጥብስ በላን (እጃችንን እስክንልስ)፣ ከዛ ዳር ላይ ቡና የሚያፈሉ እናት ጋ ቁጭ አልን። እጣን፣ ቆሎ፣ አቦል፣ ቶና። በረካው ሲቀዳ ወደኔ ዞረው "ይቺ መቼ ነው የምትሄደው?" አሉኝ። ሶስት ሳምንት ቀርቷታል አልኩ። "የኔ ልጅ ያኔ ትምህርት ቤት የምታስተምራት ፈረንጅ ስትሄድባት ሁለት ወር አኩርፋኝ ነበር፣ እኔ ያባረርኳት ይመስል። ይቺስ ለልጆቹ ነግራቸዋለች?"

አልነገረቻቸውም። እኔም አውቃለሁ፣ ስንት ጊዜ ልላት አስቤ ትቼዋለሁ።

ምን አሉ? አለችኝ። ቡናው እንዴት ነው ነው የሚሉሽ አልኳት። አውራ ጣቷን አሳየቻቸው፣ በጣም ጥሩ! አለች በአማርኛ። ሴትየዋ አንዴ እሷን አንዴ እኔን አዩና ትከሻዬን መታ አድርገው "አብሽሪ" አሉ። ለሷ አይደለም፣ ለኔ ነው። እሷ ደግሞ ቃሏን ያዘቻት፣ አብሽሪ ምንድን ነው? በርቺ ነው አልኩ፣ አይ አይዞሽ ነው፣ አይ እንጃ... ወሎ ሰው ሲከፋውም ይባላል ሲመረቅም ይባላል፣ በእንግሊዝኛ የሚሆን አጣሁለት።

አክስቴ ጋ ደሴ አደርን፣ እሁድን ብዙ አልጽፍም፣ ብርድ ነበር ተኝተን አረፈድን።

ስንመለስ ሐረጎን ስንወርድ ጉሙ ገፎ ኮምቦልቻ ቁልጭ ብላ ትታያለች፣ እኔም በቃ ያልተረጎምኩትን ነገርኳት። ምንም አላለችም። መናኸሪያ ልንደርስ ስንል ደብተሯን አውጥታ "ልሄድ ነው" እንዴት ነው የሚባለው አለችኝ፣ ነገርኳት፣ በራሷ ፊደል ጻፈችው፣ "ሄ" ላይ እየተደናቀፈች ደጋግማ ለራሷ አለችው። ከዛ ነገ ጠዋት ክፍል እንዳልገባ ለመነችኝ፣ ብቻዬን ነው የምነግራቸው አለች።