ለእታለም የተረክሁላት ሥዕል

ትናንት ቅዳሜ ከታላቅ እህቴ ጋር ከደሴ ተነሥተን ወደ ሐይቅ ወርደን ነበር። እታለም ከአዲስ አበባ ለአንድ ሳምንት መጥታ፣ ውኃውን ሳታይ እንደማትመለስ አስቀድማ ስለነገረችኝ፣ 30 ኪሎ ሜትር ያህሉን መንገድ በሚኒባስ ጨርሰን ረፋዱ ላይ ከሐይቁ ዳር ደረስን። ደብረ ሐይቅ እስጢፋኖስ የቆመበት ሥፍራ ጥንት ደሴት ነበረ፤ ዛሬ ከየብስ ጋር ስለተያያዘ በእግርም ይደረስበታል። እኛ ግን የቀደሙት ሰዎች በደረሱበት መንገድ ለመድረስ ስለፈለግን ጀልባ ተከራየን።

ጀልባውን የሚነዳው ወጣት «ቢስሚላህ» ብሎ ሞተሩን ሲያስነሣ እታለም አማተበች። ውኃው ረግቶ ነበር። ከመሐል ስንደርስ አያታችን ማታ ማታ ትነግረን የነበረውን አነሣችልኝ። በአንዲት ነፍሰ ጡር ሴት ላይ ግፍ ተሠራ፤ ፈጣሪም ተቆጥቶ አገሩን በሙሉ ውኃ ሲያደርገው፣ እሷ የተቀመጠችበት ሥፍራ ብቻ ደረቅ ሆኖ ቀረ፤ ደሴቱም እሱ ነው ይባላል። እታለም ይህን ተናግራ ጥቂት ዝም ካለች በኋላ፣ «ለሴት ተብሎ በተረፈው መሬት ላይ ዛሬ ሴት አትገባም» አለች። በድምፅዋ ቁጣ አልነበረም፤ እኔ ግን የምመልሰው አጣሁ።

የወንዶች ገዳም እንደመሆኑ ሴቶች ወደ ውስጥ እንደማይገቡ ከቤት ስንነሣም እናውቅ ነበር። ከጀልባው ወርዳ ከዛፍ ጥላ ሥር ነጠላዋን አነጠፈችና፣ «አብሽር፣ እኔ እዚህ እጸልያለሁ፤ አንተ ደህና አድርገህ እይና ንገረኝ» አለችኝ። ይህ ቃል ቀኑን ሙሉ ከበደኝ፤ አሁንም ይከብደኛል።

የሥዕል መምህር ነኝ። ሥዕልን እንዴት እንደሚያዩ ግን ያስተማረችኝ እታለም ናት። ከጥቂት ዓመታት በፊት አዲስ አበባ፣ ስድስት ኪሎ አጠገብ ወዳለው የገብረ ክርስቶስ ደስታ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም አብረን ሄደን፣ ለብዙ ዘመን ጀርመን አገር ቆይተው ወደ አገራቸው የተመለሱትን የሠዓሊውን ሥራዎች አየን። እኔ ኮሎኝ ስለ መማሩና ረቂቅ የአሣሣል ስልት ወደ አገራችን ስለ ማምጣቱ ሳብራራላት፣ እሷ ከአንድ ቀይ ሸራ ፊት ቆማ፣ «እስቲ ዝም በል፣ ልየው» አለችኝ። ከዚያ ሁሉ ገለጻዬ ልቧ ውስጥ የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ይኸውም አባቱ አለቃ ደስታ የቤተ ክርስቲያን ሊቅና የብራና ሥዕል ሠሪ እንደነበሩ ነው። «እንግዲያው የአባቱን ሥራ የመሰለውንም ማየት አለብን» ያለችው ያን ዕለት ነው፤ የትናንቱ ጉዞም ከዚያ ቃል የመጣ ነው።

የገዳሙ ሙዚየም ጠባብ ነው። መስቀሎችን፣ የጥንት መነኮሳት የተገለገሉባቸውን ዕቃዎችና የብራና መጻሕፍትን ይዟል። የሚያስጎበኙት አባት ረጋ ባለ አነጋገር አቡነ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እዚህ መጥተው ገዳሙን እንዳደራጁና መጻሕፍት እንዳስጻፉ፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ከደቀ መዛሙርታቸው አንዱ እንደነበሩ ነገሩን። አቡነ ኢየሱስ ሞዓ በ1273 ዓ.ም. ለገዳሙ ስለ ሰጡት ወንጌል ተማሪ ሳለሁ አንብቤ ነበር። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ የራሳቸው የአባታችን መልክ፣ እሳቸው በሕይወት ሳሉ፣ ተሥሎ ይገኛል። ይህን ሳስብ ሁልጊዜ ይደንቀኛል፤ ያ ሠዓሊ የማያውቀውን ቅዱስ ከሌላ ሥዕል አልቀዳም፤ በሕይወት ያለን ሰው ፊት ነው ወደ መስመር የመለሰው። በዘመኑ ከዚህ የበለጠ ድፍረት ምን ሊኖር ይችላል?

አባ ለእኛ የገለጡልን ሌላ መጽሐፍ ነበር። በገጹ ላይ መጽሐፍ የያዘ ሐዋርያ ቆሟል፤ ዓይኖቹ ሰፋፊ ናቸው፤ ልብሱ በጥላ ሳይሆን በመስመር ብቻ ተከፋፍሏል፤ ቀዩ ቀለም አሁንም ትኩስ ይመስላል። ፎቶግራፍ ማንሣት ስለማይፈቀድ በዓይኔ ብቻ ለመያዝ ሞከርኩ። ከኋላዬ ሌሎች ጎብኚዎች ስለነበሩ ብዙ ሳልቆይ ቦታውን ለቀቅሁ።

ስመለስ እታለም የጸሎት መጽሐፏን አጥፋ ትጠብቀኝ ነበር። ጀልባው ውስጥ ተቀምጠን ስለ መስመሩ፣ ስለ ቀለሙ፣ ጥላ ስለ ሌለው ልብስ በሰፊው ነገርኳት፤ የገብረ ክርስቶስን ቀይ ያስታውሰኛል ብዬም ጨመርኩላት። ሳታቋርጠኝ ሰማችኝና፣ «መጽሐፉን የያዘው በግራው ከሆነ ቀኝ እጁ ምን ያደርጋል? ይባርካል ወይስ ወደ መጽሐፉ ያመለክታል?» ብላ ጠየቀችኝ። አላስታወስኩም። ጣቶቹን በፍጹም አላየኋቸውም። ሌላ ሰው ቢጠይቀኝ ኖሮ ይባርካል ብዬ አልፍ ነበር፤ ለእሷ ግን ያላየሁትን አየሁ ማለት አልቻልኩም። «አላየሁትም፣ እታለም» አልኳት። እጄን ያዘችኝ፤ እስከ ዳር ድረስም አልለቀቀችኝም።

ነገ በጠዋት ወደ አዲስ አበባ ትመለሳለች። እኔ በሚመጣው ቅዳሜ እርሳስና ወረቀት ይዤ ብቻዬን ወደ ሐይቅ እወርዳለሁ። አባ ያን ገጽ ዳግመኛ እንዲገልጡልኝ እለምናቸዋለሁ፤ ከሐዋርያው ፊት በፊት ቀኝ እጁን አያለሁ፤ እንደወጣሁም ጣቶቹን ሥዬ እልክላታለሁ።