«ጎ» እና የ«ን» ሲሶ

ዛሬ ቀኑን ሙሉ ፒያሳ አንድ ካፌ ውስጥ ተጎልቼ ዋልኩ። ሦስት ማኪያቶ ጠጣሁ። መብራት አንዴ ሄዶ መጣ። ይሄ ሁሉ ለአንዲት ቁጥር ነው።

በጃንጎ (የድረ ገጽ መሥሪያ ነው) የሠራሁት የእንግዳ ማረፊያ ሳይት በእንግሊዝኛ ሲከፈት ሰላም ነው። በአማርኛ ሲሆን ግን ገጹ መጨረሻው ላይ ይቆረጣል። ሰርቨሩን ረገምኩ። ኢንተርኔቱንም ረገምኩ (እሱስ ይገባዋል)። በኋላ ለሙከራ «ጎንደር» የሚለውን ቃል ብቻ ላክሁ። የመጣልኝ «ጎ» እና አንድ የጥያቄ ምልክት!

ጥፋቱ የራሴው ነው። መሃል ላይ የጻፍኳት ሚድልዌር (መልሱ ከመውጣቱ በፊት የሚያልፍባት ትንሽ ኮድ) የመልሱን ርዝመት በፊደል ቆጥራ «4» ብላ ትልካለች። ድረ ገጽ የሚላክበት ደንብ፣ የኤችቲቲፒ ስታንዳርድ፣ ደግሞ የሚቆጥረው በባይት (በኮምፒውተር የመረጃ መለኪያ) ነው። በዩቲኤፍ-8 (ፊደል ወደ ባይት የሚለወጥበት ስልት) አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል፤ ጎንደር 12 መሆኑ ነው። ሰርቨሩ 4 ባይት ልኮ አቆመ፤ አንድ ሙሉ ፊደልና የ«ን» ሲሶ።

ጃንጎም፣ ሌላው የድረ ገጽ መሥሪያ ፍላስክም ከሰርቨር ጋር በተለምዶ የሚነጋገሩት እ.ኤ.አ. በ2003 በተረቀቀው ደብሊውኤስጂአይ በሚባል ደንብ ነው። እዚያም የመልሱ አካል ባይት ነው እንጂ ፊደል አይደለም። እነሱ አክብረውታል። ያላከበርኩት እኔ ነኝ።

ለጓደኛዬ ብነግረው፣ «የኔታ ፊደል ብቻ አስቆጥረው ለቀቁህ በለኛ!» ብሎ ሳቀብኝ።