ጎማው ይቅደም፣ ቸርኬው ይከተል፦ ለጂአር86 ልክ ማውጣት እስካሁን የደረሰበት

ጂአር86 ለተባለው የቶዮታ ስፖርት መኪና ሰፋ ያለ ጎማና ቸርኬ የመምረጡ ሥራ እዚህ ደርሷል። መነሻው ፋብሪካው የሚገጥመው ነው፦ 18 በ7.5 ኢንች ቸርኬ፣ ኦፍሴት (የቸርኬው መቀመጫ ከስፋቱ መሃል የሚርቅበት ሚሊ ሜትር) +48፣ ጎማ 215/40አር18 (ስፋቱ 215 ሚሊ ሜትር፣ የጎኑ ቁመት የስፋቱ 40 በመቶ፣ የቸርኬው ዲያሜትር 18 ኢንች)። የቡሎኑ አቀማመጥ 5×100 (አምስት ቡሎን በ100 ሚሊ ሜትር ክብ ላይ)፣ የሞዞው (ቸርኬው የሚቀመጥበት መሃል) ስፋት 56.1 ሚሊ ሜትር፣ የዳዶው ጥርስ 12×1.25 (የቡሎኑ ውፍረት 12፣ ከጥርስ ጥርስ 1.25 ሚሊ ሜትር)። በመጨረሻዎቹ ሦስት ላይ ድርድር የለም። 5×114.3 ቸርኬ በአዳፕተር ይገባል የሚል ሰው አይጠፋም፤ ነገር ግን የአዳፕተሩ ውፍረት በሙሉ ከኦፍሴቱ ይቀነሳል፣ ጎማውም ያንኑ ያህል ወደ ውጭ ይወጣል።

ብዙ ሰው ከቸርኬው መልክ ይጀምራል። መንገድ የሚይዘው ግን ጎማው ስለሆነ አስቀድሞ የሚወሰነው እሱ ነው። መጀመሪያ ጠቅላላ ቁመቱን አስሉ። የፋብሪካው ጎማ ጎኑ 86 ሚሊ ሜትር ነው፤ በላይና በታች 172፣ ከ18 ኢንቹ 457.2 ጋር 629.2 ይሆናል። 245/40አር17 ሲሰላ 627.8 ይመጣል፤ ልዩነቱ አንድ ሚሊ ሜትር ተኩል እንኳ አይሞላም። 235/40አር18 ግን 645.2 ነው፣ 2.5 በመቶ ይበልጣል። ፍጥነት መለኪያው በዚያው ልክ አሳንሶ ያነባል፣ ማርሽ የረዘመ ያህል መኪናው ሲነሳ ይከብደዋል፣ ጎማውም ወደ ፓራፋንጎው በ8 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። ስለዚህ ምርጫው 245/40አር17 ሆነ። 98 ሚሊ ሜትር ጎን ስላለው ጉድጓድ ሲመታ ቸርኬውን ያድናል። የጭነት ቁጥሩንም አትለፉት፦ 85 ማለት ለአንድ ጎማ 515 ኪሎ ነው፣ ከዚያ በታች አይወረድም።

ለ245 የሚመቸው ቸርኬ ከ8 እስከ 9.5 ኢንች ነው። 9 ተያዘ። ሰዎች የሚሳሳቱት ከዚህ በኋላ፣ ኦፍሴቱ ላይ ነው። ኦፍሴት ቸርኬው ሞዞው ላይ የሚቀመጥበት ፊት ከስፋቱ መሃል ምን ያህል እንደራቀ ይናገራል፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ጎማው ወደ ውጭ ይወጣል። ከ7.5 ወደ 9 መሄድ 38.1 ሚሊ ሜትር ይጨምራል፣ ግማሹ 19 ወደ ውስጥ፣ ግማሹ 19 ወደ ውጭ። ኦፍሴቱ +42 ቢሆን መሃሉ 6 ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ ይሄዳል። እንግዲህ ወደ ውጭ 25፣ ወደ አሞርዛተሩ 13። +48ን ሳይቀይሩ 9 ኢንች መግጠም ግን ወደ ውስጥ ሙሉ 19 መጨመር ነው።

ይህ ስሌት የቸርኬው ብቻ ነው። ጎማው ይጎብጣል፤ ቸርኬው በግማሽ ኢንች ሲሰፋ ጎማው ወደ 5 ሚሊ ሜትር ይሰፋል፣ «245» የሚባሉትም ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያሉ። አንድ ጎማና አንድ ቸርኬ ለሙከራ ሳይገጠም አራቱን ማዘዝ አይመከርም።

ከሁሉ በላይ ልብ ሊባል የሚገባው የፊት ካምበር፣ ማለትም የፊት ጎማው ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ማዘንበሉ ነው። ጎማው ከፓራፋንጎው እንዳይነካ ላዩን ወደ ውስጥ ማዘንበል የተለመደ መፍትሔ ነው፤ እንዴት እንደሚዘነበል ግን ውጤቱን ይለውጠዋል። አሞርዛተሩ ከሞዞው መያዣ ጋር የሚታሰርበትን ቡሎን በካምበር ቡሎን (ማዘንበሉን በሚያስተካክል ቡሎን) ስትቀይሩ ጎማው ብቻውን ወደ አሞርዛተሩ ይጠጋል። በስሌት የተረፈችው ክፍተት እዚያ ታልቃለች። ከላይ በካምበር ፕሌት (የአሞርዛተሩን የላይ ጫፍ ይዞ በሚያንሸራትት ሳህን) ከተዘነበለ አሞርዛተሩና ጎማው አብረው ስለሚሄዱ ክፍተቱ እንዳለ ይቆያል። +42 ላይ ካምበር ፕሌቱ ይሻላል የምንለው ለዚህ ነው።

ሙከራው እንዲህ ነው። ፍሬን ካሊፐሩ (የፍሬን ሸራውን የሚይዘው ክፍል) ላይ ፕላስቲሲን ለጥፉ፣ ቸርኬውን ያለ ጎማ ግጠሙ፣ በእጅ አንድ ዙር አዙሩ። የተጨፈለቀው ፕላስቲሲን ከ3 ሚሊ ሜትር ከሳሳ ቸርኬው አይሆንም። ከዚያ ከጎማው ጋር ግጠሙና መሪውን እስከ መጨረሻው በሁለቱም በኩል አዙሩ፤ ሞላው ወጥቶ ሞዞው በክሪክ ወደ ላይ ሲገፋም ይታይ። በአሞርዛተሩና በጎማው መካከል ቢያንስ 5 ሚሊ ሜትር ይቅር።

የሌላ ፋብሪካ ቸርኬ መሃሉ ብዙ ጊዜ 73.1 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ከ73.1 ወደ 56.1 የሚያጠብ ቀለበት ይፈልጋል። ያለ እሱ ቸርኬው መሃሉን ስቶ ሊታሰርና ባላንስ ተሠርቶም መሪው ሊንቀጠቀጥ ይችላል። የዳዶው ጫፍም ከቸርኬው መቀመጫ ጋር ይመሳከር፤ ሾጣጣው 60 ዲግሪ ነው። ዳዶውን በእጅ ስታስገቡ ዙሩን ቁጠሩ፦ ቢያንስ 12 ሚሊ ሜትር ጥርስ መያዝ ስላለበት 10 ዙር ሳይሞላ ከጠበቀ ቡሎኑ አጥሯል ማለት ነው። ማጥበቂያው 120 ኒውተን ሜትር ነው፣ በኮከብ ቅደም ተከተል። ከ100 ኪሎ ሜትር በኋላ እንደገና ይፈተሽ፣ የፓራፋንጎው የውስጥ ፕላስቲክም የተፋቀ ቦታ እንዳለው በባትሪ ይታይ።