መሄጃው 17 ሰዓት፣ መመለሻው 13

ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን በአየር ቀጥታ ሲለካ ከ11,500 ኪሎ ሜትር ትንሽ ይበልጣል። ለሄደም ለመጣም ርቀቱ ያው ነው፤ ሰዓቱ ግን ለየቅል ነው።

የጥምቀት ማግስት ከምሽቱ 5 ሰዓት ገደማ ከቦሌ ተነሣን። የመንገዱ መቆሚያ እንደ በረራው ይለያያል፤ የእኛው የአየርላንዷ ደብሊን ነበር። ጎማው መሬት ሲነካ አጠገቤ የተቀመጡት እናት ነጠላቸውን አስተካክለው ቀበቷቸውን መፍታት ጀመሩ።

«ደረስን አይደል ልጄ?»

«ገና ነው እማማ፤ ነዳጅ ሊቀዳ ነው።»

«ምነው፣ ከአገራችን ሞልቶ አይነሣም?»

ጥያቄያቸው ልክ ነው። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ያለ የአውሮፕላን ጣቢያ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩም ክንፉም ቆላ ላይ የሚያገኙትን ጉልበት እዚህ አያገኙም። አውሮፕላኑ ሙሉ ሰው፣ ሙሉ ጭነትና ሙሉ ነዳጅ ይዞ መነሣት ይከብደዋል፤ አንዱ መቀነስ አለበት። በርበሬና ሽሮውን የሚቀንስ ሐበሻ ደግሞ የለም፤ ስለዚህ ነዳጁ ይቀነሳል። በዚያ ላይ ወደ ምዕራብ ሲበረር ነፋሱ ከፊት ነው የሚመጣው።

ደብሊን ሲባል ብዙ የምንዞር ይመስላል። ምድር ድቡልቡል ስለሆነች ግን አጭሩ መንገድ ራሱ ወደ ሰሜን ጎብጦ በአውሮፓ በኩል ነው የሚያልፈው፤ በደብሊን ማለፍ የሚጨምረው ከ300 ኪሎ ሜትር በታች ነው። ከአውሮፕላኑ አልወረድንም። የእጅ ሻንጣችንን ከላይ አውርደን ታቅፈን ቆየን፤ ፈታሾቹ የወንበሩን ትራስ ሳይቀር እያነሱ አዩ። ውጭው ጨለማና ዝናብ ነበር። እማማ ከቦርሳቸው ዳቦ ቆሎ አውጥተው እፍኝ ሰጡኝ።

ዋሽንግተን ስንደርስ ጠዋት 2 ሰዓት ነበር፣ በእነሱ አቆጣጠር 8። አዲስ አበባ ከቀኑ 10 ሰዓት ሆኗል። እማማ ሰዓታቸውን አውልቀው ሰጡኝ፣ እንዳስተካክልላቸው። የ8 ሰዓት ልዩነት አለ፤ የእኛ ሰዓት አቆጣጠር 6ቱን ስለሚበላው ግን መርፌውን ሁለት ሰዓት ብቻ ወደ ኋላ መለስኩት። በእነሱ በጋ ደግሞ አንድ ሰዓት ብቻ ይበቃል።

መመለሻው ሌላ ነው። የዋሽንግተኑ ደለስ ጣቢያ ከባሕር ጠለል 100 ሜትር እንኳ አይሞላም፤ አውሮፕላኑ ነዳጁን እስከሚበቃው ቀድቶ ይነሣል፣ ነፋሱም ከኋላ ይገፋዋል። ረፋድ ላይ ተነሥተን ያለ ማረፊያ 13 ሰዓት ገደማ በርረን በማግስቱ ጠዋት ቦሌ ገባን።

መመለሻው ቢያጥርም እኔ መሄጃውን እመርጣለሁ። ደብሊን ላይ ቢያንስ ተነሥቶ መቆም፣ ወገብን ማፍታታት አለ። በመመለሻው እግሬ አብጦ ጫማዬ እንቢ አለኝ። የመስኮቱን ወንበር ለወጣቶች ትቼ የመተላለፊያውን ዳር መያዝ ነበረብኝ፤ መስኮቱ አብዛኛውን መንገድ ጨለማ እንጂ ሌላ አያሳይም።