ወንዟን ካቀኗት በኋላ

የሰፈራችን ወንዝ ድሮ ሦስት ቦታ ላይ ትታጠፍ ነበር፣ አሁን ቀጥ ብላለች። ወንዝ ስል ደሞ ትልቅ ነገር እንዳይመስል፣ ከቃሊቲ ወጣ ብሎ በሰፈሩ ጀርባ አልፋ ትልቁ አቃቂ ውስጥ የምትገባ፣ በጋ ላይ ልጅ እንኳ ዘሎ የሚሻገራት ናት። ባለፈው በጋ ኤክስካቫተር ገባና መታጠፊያዎቹን በአፈር ደፍኖ ቀጥ ያለ ቦይ ቆፈረላት፣ ግራና ቀኙን ጋቢዮን (ድንጋይ የተሞላ የሽቦ ሳጥን) ደረደሩበት፣ የተደፈነው ቦታ ላይ ወዲያው የቆርቆሮ አጥር ቆመ (የማን እንደሆነ እንጃ)።

እውነቱን ለመናገር እኛ ጋ ጥሩ ሆኗል። ክረምት በመጣ ቁጥር ጓዳ ድረስ ይገባ የነበረው ውሃ ዘንድሮ አልገባም፣ እናቴ የጤፉን ማዳበሪያ ያለ ስጋት መሬት ላይ አስቀምጣ ነው የከረመችው። ወንድሜም መቃናቷ ጥሩ ነው እያለ ይቺን ይዞ ነው የሚሞግተኝ።

ግን ውሃው እኮ አልጠፋም። ድሮ መታጠፊያው ጋ ሲደርስ ይደክምና ሜዳው ላይ ተኝቶ ደለሉን ጥሎ ነበር የሚያልፈው፣ አሁን መንገዱ አጠረ ቁልቁለቱ ባሰ፣ ከላይ ደሞ ማሳ የነበረው ሁሉ ኮንዶሚኒየምና አስፋልት ሆኖ ዝናብ አይጠጣም፣ ስለዚህ ሁሉም ባንዴ ተምዘግዝጎ ይመጣል። ዛሬ ዝናቡ ሲያባራ ጋቢዮኑ የሚያልቅበት ድረስ ወረድኩ። የመጨረሻው ሳጥን ስሩ ተቦርቡሮ ወደ ፊት አዘንብሏል፣ ሽቦው ተበጥሶ ድንጋዩ ተዘርግፏል፣ ከሱ በታች ዳርቻው ተገምጦ የታች ጎረቤታችን የእማማ ጎመን መደብ ግማሹ የለም፣ የባህር ዛፋቸው ስር አየር ላይ ተንጠልጥሏል። «ከናንተ ቤት ያስወጡትን ነው እኮ እኔ ጋ የላኩት ልጄ» አሉኝ። ምን ይባላል።

አፈሩም እዛ አይቀርም። ትልቁም ትንሹም አቃቂ መጨረሻቸው አባ ሳሙኤል ግድብ ነው፣ ከዛ አዋሽ። አባ ሳሙኤል ከሀገሪቱ የመጀመሪያዎቹ የውሃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ ነው፣ 6.6 ሜጋ ዋት፣ ለአስርት ዓመታት ሥራ አቁሞ ቻይናዎች አድሰውት ነው የተነሳው፣ ሐይቁ ግን ያው ደለሉንና እምቦጩን እንደተሸከመ ነው፣ እኛም ከላይ እየጨመርንለት።

በሚቀጥለው በጋ ጋቢዮኑ ወደ ታች ይቀጥላል እየተባለ ነው። እማማ ደስ ብሏቸዋል። ከሳቸው በታች ሰላጣ የሚያለሙት ልጆች ግን የፓምፓቸውን ቤት ከአሁኑ አፍርሰው ወደ ዳገቱ እያወጡ ነው።