አራሚው ያልፈረሙበት ገጽ

ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለ ሕንፃ ውስጥ ለተማሪዎች የሚሆን የሳይንስ መጽሔት እናዘጋጅ በነበረበት ጊዜ፣ አራሚያችን ያልፈረሙበት ገጽ ወደ ማተሚያ ቤት አይላክም ነበር። አራሚው ጡረታ የወጡ የፊዚክስ መምህር ሲሆኑ፣ ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። አንድ ባልደረባችን «ስበትና ኳንተም ሜካኒክስ በየትኛውም ሁኔታ አይስማሙም» የሚል ርእስ የሰጠውን ጽሑፍ ሲያቀርብላቸው፣ ርእሱን በቀይ እስክሪብቶ ሰረዙና የፊርማውን ቦታ ባዶ ተዉት።

ባልደረባችን በቀላሉ አልተረታም። «ጋሼ፣ የአንስታይን ጽንሰ-ሐሳብ ስበትን የኅዋና የጊዜ መጉበጥ አድርጎ ቁርጥ ባለ መልኩ ያሰላል፤ የአተምና የጥቃቅን ቅንጣቶች ሕግ የሆነው ኳንተም ሜካኒክስ የሚሰጠን ግን የመሆን ዕድልን ነው። ታዲያ እንዴት ይስማማሉ?» አላቸው።

«ልጄ፣ የኒውትሮኑን ሙከራ ምን ልታደርገው ነው?» ብለው ወረቀት ሳቡ።

የፊዚክስ ሊቃውንቱ ኮሌላ፣ ኦቨርሃውዘርና ወርነር እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተሙት ሙከራ፣ የኒውትሮን (በአተም አስኳል ውስጥ የሚገኝ ቻርጅ የሌለው ቅንጣት) ጨረር በሲሊኮን ክሪስታል ለሁለት ተከፍሎ፣ አንዱ ከሌላው ጥቂት ሴንቲሜትር ከፍ ባለ መንገድ ተጉዞ መልሰው ሲገናኙ፣ የምድር ስበት በኒውትሮኑ ሞገድ ላይ (በኳንተም ሜካኒክስ ቅንጣትም የሞገድ ጠባይ አለው) ያመጣው ለውጥ ከኳንተም ሜካኒክስ ስሌት ጋር የሚስማማ ሆኖ ተገኝቷል። ይህ ስበት ራሱ የኳንተም ጠባይ እንዳለው አያረጋግጥም (ጋሼም ይህን ደጋግመው ተናግረዋል)፤ ያንን ርእስ ግን ያፈርሰዋል።

እውነተኛው ችግር የሚመጣው ስበትን ራሱን በኳንተም ሕግ ለማስላት ሲሞከር ነው። በኤሌክትሮማግኔቲዝም ስሌት ውስጥ ብቅ የሚሉት ወሰን የለሽ ውጤቶች፣ በሙከራ ተለክተው በሚታወቁት በኤሌክትሮን መጠነ ቁስና ቻርጅ ውስጥ ይጠቃለላሉ። የፊዚክስ ሊቃውንቱ ትሁፍትና ቬልትማን እ.ኤ.አ. በ1974 እንዳሳዩት ግን፣ ስበት ከቁስ አካል ጋር ሲሰላ ገና በመጀመሪያው ደረጃ እርማት ላይ በዚህ መንገድ የማይጠቃለል ውጤት ይወጣል። ስሌቱ ወደ ከፍተኛ ደረጃ በተሻገረ ቁጥር በሙከራ መለካት ያለበት ሌላ አዲስ ቁጥር ይጠይቃል፤ ብድርን በብድር እንደ መክፈል ያለ ነገር ነው። ያም ሆኖ በዝቅተኛ ኢነርጂ የእነዚህ ቁጥሮች ድርሻ ከምንም ስለማይቆጠር ስሌቱ በደንብ ይሠራል። ጨርሶ የሚከሽፈው ከፕሮቶን 100 ቢሊዮን ቢሊዮን ጊዜ ያህል ባነሰ ርቀት ላይ ሲሆን፣ እዚያ ለመድረስ የሚያስፈልገው ኢነርጂ ጄኔቭ አጠገብ ያለው ትልቁ የቅንጣት ማፋጠኛ ከሚደርስበት 1,000 ትሪሊዮን ጊዜ ገደማ ይበልጣል። ዋናው ዕንቅፋት፣ በእኔ ግምት፣ ከሒሳቡ ይልቅ ይህ ነው፤ ከቀረቡት መፍትሔዎች የትኛው ትክክል እንደሆነ የሚዳኝ ልኬት የለም።

ርእሱ «ስበትና ኳንተም የሚጣሉት የት ላይ ነው?» በሚል ተተካ፤ ገጹ ዘግይቶ ማተሚያ ቤት በመድረሱም ኃላፊያችን ተቆጡ። ከዚያ ወዲህ ማንኛውም የፊዚክስ ጽሑፍ፣ የሚያወራው ነገር እስከ የትኛው ርቀትና ኢነርጂ ድረስ እንደሚሠራ ሳይገልጽ ለእርማት እንዳይቀርብ ተወሰነ። ባልደረባችን ቀጥሎ ከቀረቡት መፍትሔዎች አንዱ ስለሆነው ስትሪንግ ቲዎሪ ሲጽፍ ይህንኑ ማብራሪያ ብቻ ከገጽ በላይ አስረዝሞት መጣ፤ ጋሼም «አሳጥረው» ብለው መለሱለት።