ከማዘርቦርዱ ሥር የቀረችው ዘጠነኛዋ እግር

ታናሽ ወንድሜ አርክቴክቸር ያጠናል፤ ሦስተኛ ዓመት ደርሷል። የሠራውን ሕንፃ በላፕቶፑ ላይ ለማዞር ሲሞክር ማሽኑ እንደ ወፍጮ ጮኾ ጮኾ ቀጥ ይል ነበር። ስለዚህ ወራት ፈጅተን ገንዘብ አጠራቀምን፤ ለዴስክቶፕ ኮምፒውተር የሚሆን ያገለገለ ኬዝ (የብረት ሣጥኑን) እና አዳዲስ ክፍሎች አንድ በአንድ ገዛን፤ ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ራሳችን ልንገጣጥም ተቀመጥን። የሚገጥምልን ሰው አልጠፋም። እኔ ግን ሲበላሽ ከፍቼ ላየው የምችል ዕቃ ነው የምወደው።

እናቴ ጠረጴዛው እንዳይጫር ብላ የሱፍ ብርድ ልብስ ይዛ መጣች። «እማዬ፣ ሱፍ ይቅርብን» አልኳት። ሱፍ ሲታሽ የሚፈጥረው ስታቲክ ኤሌክትሪክ እኛን ሳይሰማን ራሙን (የኮምፒውተሩን ጊዜያዊ ማስታወሻ) ወይም ማዘርቦርዱን (ክፍሎቹ ሁሉ የሚሰኩበትን ሰሌዳ) ሊጎዳ ይችላል። ባዶ እንጨት ላይ ሠራን፤ እጃችንንም ቀለም ያልተቀባውን የኬዙን ብረት በየጊዜው እናስነካ ነበር። እናቴ ብርድ ልብሱን መልሳ አራት ሲኒ አመጣችልን፤ ብሎን መለያ እንዲሆነን። ትልቅ ውለታ ነበር። ብሎኖቹ አንድ ዓይነት ይመስላሉ እንጂ አይደሉም፤ የፓወር ሰፕላዩና (ኤሌክትሪክ ለክፍሎቹ የሚያከፋፍለው ሣጥን) የትልቁ ሃርድ ዲስክ ጥርሱ ሰፋ ሰፋ ያለ ነው፤ የኤስኤስዲው (የትንሹ ፈጣን ዲስክ) ቀጠን ያለ፣ ጥርሱም የተቀራረበ። አንዱን በሌላው ቀዳዳ በግድ ያጠበቀ ሰው ቀዳዳውን አበላሸ ማለት ነው።

ፕሮሰሰሩን (የኮምፒውተሩን አንጎል)፣ ማቀዝቀዣውንና ራሙን ገና ጠረጴዛው ላይ ሳለን ገጠምን፤ ኬዝ ውስጥ እጅ እንደ ልብ አይዞርም። ከኬዙ ጀርባ የሚገባውን የመሰኪያዎች ቆርቆሮም ቀድመን ከውስጥ ወደ ውጭ ገፍተን አስገባን። ጠርዙ ስለታም ነው፤ በጨርቅ መያዝ ያስፈልጋል።

ከዚያ ማዘርቦርዱን ኬዙ ውስጥ በቆሙት የናስ እግሮች ላይ አስቀምጠን አሠርነው። እነዚህ እግሮች ቁመታቸው 6 ሚሊሜትር ተኩል ያህል ነው፤ ሥራቸው ማዘርቦርዱን ከኬዙ ብረት አርቆ መያዝ ነው። ገመዶቹን ሁሉ ሰካን፤ ባለ 24 ፒኑን ዋናውን ገመድ፣ የፕሮሰሰሩን ባለ 8፣ የማብሪያውን ቀጫጭን ሽቦዎች። ወንድሜ ቁልፉን ተጫነ። ማራገቢያዎቹ ሩብ ዙር ያህል ዞረው ቆሙ። ደግሞ ተጫነ፤ ያው ነው። ፊቱ ላይ ያየሁትን ድንጋጤ አልረሳውም፤ የስንት ወር ቁጠባ ተቃጠለ ብሎ ነበር።

የግድግዳውን መሰኪያ ነቀልኩና ሁሉንም እንደገና ፈታሁ። የማዘርቦርዳችን ልክ 244 በ244 ሚሊሜትር ነው፤ የብሎን ቀዳዳዎቹ 8 ናቸው። ኬዙ ውስጥ ግን የቆጠርኩት 9 እግር ነው! አንዷ ለበፊቱ ባለቤት ማዘርቦርድ የቆመች ናት። በእኛው ሥር ቀዳዳ በሌለበት ቦታ ቆማ የጀርባውን ብየዳ ትነካ ነበር። ኤሌክትሪኩ በእሷ በኩል ወደ ኬዙ ሲያልፍ ሾርት ሆነ፤ ፓወር ሰፕላዩም ራሱንና እኛን ለመጠበቅ ኃይሉን አጠፋ። ደግ ሥራ ሠርቷል፤ ደካማ ቢሆን ኖሮ ምን ይተርፍልን እንደነበር አላውቅም።

ወንድሜ ዝም ብሎ ተነሥቶ ፕላን የሚሥልበትን ስስ ወረቀት አመጣ። ማዘርቦርዱን ወረቀቱ ላይ አስተኝቶ በእያንዳንዱ ቀዳዳ የእርሳስ ጫፍ አሳልፎ ነጥብ አደረገ። ከዚያ ወረቀቱን ኬዙ ውስጥ ባሉት እግሮች ላይ ዘረጋው። ከሥሩ የሚታዩት ስምንቱ እግሮች ከነጥቦቹ ጋር ተገጣጠሙ፤ ዘጠነኛዋ ብቻዋን ቀረች። ከዚህ በኋላ ማንም ኬዝ ሲገጥም ባይ ይህን አድርግ ነው የምለው። ዘጠነኛዋን በፒንሳ ፈትተን ሲኒ ውስጥ ጣልናት።

በሁለተኛው ዙር የፕሮሰሰሩን ገመድ ቦርዱ ሳይታሠር በፊት በላይኛው ጥግ አሳለፍነው፤ በመጀመሪያው ጊዜ ጣቴን የላጠውም ቦታው ስለሚጠብብ ነበር። የፊቱን ማራገቢያ አየር እንዲያስገባ፣ የኋላውን እንዲያስወጣ አዞርናቸው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሯ ስስ ስለሆነ ሙቀት የመሸከም አቅሙም ያንሳል፤ ለማራገቢያ መሰሰት አያዋጣም።

ማታ ወደ ሁለት ሰዓት ገደማ ቁልፉን እንደገና ተጫነ። ማራገቢያዎቹ ዞሩ፤ መዞራቸውንም ቀጠሉ። እናቴ ከጓዳ ድምፁን ሰምታ እልል አለች።

እሑድ ጠዋት ለቡና ሲኒ ስታጥብ «ይህቺስ የማን ናት?» ብላ የናሷን እግር በመዳፏ ይዛ መጣች። ወንድሜ ተቀበላትና በዚያው ስስ ወረቀት ጥግ ላይ በፕላስተር ለጠፋት። ከጎኗ እንዲህ ጽፏል፦ «የማዘርቦርዱ ፕላን፤ 8 ቀዳዳ።»